ሁለቱም ይውጡ

ዘጠኝ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረው፣ እናቴ እኔንና ታናሽ እህቴን ከቤት ልታስወጣን መወሰኗን በገዛ ጆሮዬ ሰማሁ። ሰው ቢነግረኝ ኖሮ አላምንም ነበር። ግን ማንም አልነገረኝም፤ ራሴ ነኝ የሰማሁት።

ቤታችን ሁለት ክፍል ነበር። በመሃል ያለውን በር ከታች በኩል እርጥበት በልቶታል፤ ወለሉ ላይ በሆዱ የተኛ ሰው ወዲያ ማዶ የሚወራውን ሁሉ እንደ ሬዲዮ ይሰማል። ይህን ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ ለእህቴ እንኳ አልነገርኳትም። እህቴ ያኔ ስድስት ዓመቷ ነው። ከሰውነቷ ሁሉ ጉንጯ ቀድሞ የሚታይ ስለነበር ድንቡሼ እንላታለን። ዛሬ የልጆች እናት ሆናለች፣ ክስት ብላለች፣ ስሙ ግን አለቃትም።

እናቴ መነጽር ቤት ትሠራለች። ደንበኛ በሚገባበት በፊተኛው በኩል አይደለም፤ ከኋላ፣ መስኮት በሌላት ጠባብ ክፍል፣ ውሃ እየተንጠባጠበበት በሚሽከረከር ድንጋይ ላይ ሌንስ የምትሞርደው እሷ ናት። ከሥራ ስትመጣ እጅጌዋ ላይ ነጭ ብናኝ አለ። "እንዳትነኩኝ፣ መስታወት ነው" ትለንና ደጅ አራግፋ ትገባለች። አባቴ የነዳጅ ቦቴ ሹፌር ነው። ሳምንት ሙሉ መንገድ ላይ ይሆንና ሁለት ቀን እቤት ያድራል። በእነዚያ ሁለት ቀናት እናቴ የከለከለችን ሁሉ ይፈቀዳል። ትከሻው ላይ ያስቀምጠናል፤ አልጋ ላይ እንዘላለን፤ እናቴም "ለሁለት ቀን አባት መሆን ቀላል ነው" ትላለች። እኔ ይህን ንግግሯን እጠላው ነበር። ሰው መልካም ሲሆን የምትቀና ይመስለኝ ነበር።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሲስተር መጣች። ሲስተር የእናቴ ታላቅ እህት ናት። ሌላ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ስለሆነች ሰው ሁሉ፣ እናቴም ጭምር፣ ሲስተር ነው የሚላት። ስትመጣ ከረሜላ አትይዝም። መጀመሪያ የምታደርገው ነገር እጃችንን ገልብጣ ጥፍራችንን ማየት ነው።

"ውጭ ተጫወቱ" አለችን። ድንቡሼ ሄደች። እኔ በጓሮ ዞሬ ገባሁና ወለሉ ላይ ተጋደምኩ።

"ሐኪሙ ምን አለሽ?" ስትል ሰማኋት።

"ያው አንቺ ያልሽውን ነው የሚለው" አለች እናቴ።

"ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ሁለቱም ይውጡ።"

እናቴ ወንበሯን ስትስብ ሰማሁ። ከዚያ፣ "አንዷን እንኳ ባስቀርስ?"

"አስቀርተሽ ምን ልትሆኚ? የምትገድልሽ ያቺው የቀረችው ናት። እህታችንስ አንዷ ትቆይልኝ ብላ አይደል? በዓመቱ ቀበርናት።"

"እስካሁን እኮ ምንም አላደረጉኝም።"

"እስካሁን። ሥራቸውን ጨርሰዋል፣ ከእንግዲህ ምንም አይፈይዱልሽም። እኔ ሁለቱንም ሳስወጣ ማን አለቀሰልኝ? ይኸው ሰባት ዓመቴ፣ ቆሜ እሄዳለሁ።"

"ለእሱ ምን ልበለው?"

"ትንሽ ነገር ያወጡልኛል በይው። ሙሉውን ከዳንሽ በኋላ ትነግሪዋለሽ። አሁን ካወቀ እህቱ ታውቃለች፤ እሷ ካወቀች ደግሞ አለቀልሽ።"

ንግግሩን እስከ ዛሬ ቃል በቃል ይዤዋለሁ። አሁን ትርጉሙን አውቃለሁ። እናቴ ልታስወጣ የነበረው ኦቫሪዎቿን፣ ሁለቱን የእንቁላል ከረጢቶቿን ነው። አያቴ በአርባ ስምንት ዓመቷ፣ መካከለኛዋ አክስቴ በሠላሳ ዘጠኝ፣ ከዚያው ቦታ በተነሳ ካንሰር ሞተዋል። እናቴ ሠላሳ ስምንት ሞልቷት ነበር። ሲስተር ደግሞ ገና ሳትወልድ፣ በሠላሳ አምስት ዓመቷ፣ ከመቀበር ይሻላል ብላ ሁለቱንም አስወጥታለች። ያኔ ግን በዚያ ቤት "ሁለቱ" የሚባሉ እኔና ድንቡሼ ብቻ ነበርን። ስለዚህ የገባኝ እንዲህ ነው፤ ሲስተር የምትባለው ሴት የራሷን ሁለት ልጆች ከቤት አባርራለች፣ አሁን ደግሞ እናቴን እንደዚያው አድርጊ እያለቻት ነው።

በማግስቱ ጦርነቱን ጀመርኩ። ሲስተር ሻይ አምጪልኝ ስትለኝ ስኳር በማስመሰል ሁለት ማንኪያ ጨው ጨመርኩበት። ጠጥታ ጨረሰችው። ፊቷን እንኳ አላጨማደደችም። ብርጭቆውን አስቀምጣ አየችኝ፤ ያኔ ከባድ ጠላት እንደገጠመኝ ገባኝ።

አጸፋውን ወዲያው የመለሰችልኝ መሰለኝ። ከሰዓት በኋላ በርጩማ ላይ አስቀምጣን የሁለታችንንም ጸጉር በመቀስ ከረከመችው። "እናታችሁ ጎንበስ ቀና ብላ የምታበጥርበት ጊዜ አይኖራትም" አለች። ድንቡሼ እያለቀሰች የወደቀውን ጸጉሯን በቀሚሷ ሰበሰበች። እናቴ በሩ ላይ ቆማ አየች፤ አላስቆመቻትም። ቀጥሎ ሲስተር፣ "ለማክሰኞ" ብላ፣ የሁለታችንን ልብስ አጣጥፋ በአንድ ቡናማ ሻንጣ ውስጥ ከተተች። እናቴ ሆስፒታል በምትቆይበት ጊዜ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ልናድር ነበር። ምናልባት ነግራናለች። እኔ ግን ሻንጣውን ካየሁ በኋላ ሌላ ነገር አልሰማሁም።

"የት ነው የምንሄደው?" አለችኝ ድንቡሼ።

"ሲስተር ልጆቿን የጣለችበት" አልኳት።

"ሲስተር ልጆች አሏት?"

"ነበሯት።"

ይህን ለብቻዬ ይዤ መቆየት አልቻልኩም። ሲስተር ጓሮ አንሶላ ስታሰጣ ከኋላዋ ሄጄ ቆምኩ። አንሶላው ነፋስ ሞልቶት ይላተማል። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ "ልጆችሽን የት ጣልሻቸው?" አልኳት።

ዞረች። "ምን አልሽ?"

"ሁለቱን ልጆችሽን። አስወጥቻቸዋለሁ ብለሽ የለ? የት ጣልሻቸው?"

በጥፊ መታችኝ። ከባድ አልነበረም፤ እጇ ግን በሳሙና ውሃ እርጥብ ስለነበር ጮኸ። ከዚያ እሷ ራሷ የተመታች ይመስል አንሶላውን በሁለት እጇ ጨብጣ ቆመች። እኔ ጉንጬን ይዤ ልቤ ቅቤ ጠጣ። ጥፋተኛ ባትሆን ኖሮ አትመታኝም ነበር። ነገሩን ደረስኩበት አልኩ።

አባቴ መንገድ ላይ ነበር። የቀረኝ አንድ ሰው እቴቴ ናት።

እቴቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ሁለት መንገድ አልፎ ደብተርና እስክሪብቶ የምትሸጥበት ሱቅ አላት። ሲስተር ጥፍር የምታይ ከሆነ እቴቴ ጉንጭ ነው የምትስመው። "የወንድሜ ልጅ፣ የኔ መልክ" ትለኛለች። ሱቋ አዲስ ወረቀትና ላጲስ ይሸታል። ከመደርደሪያው ጀርባ ካለችው ዝቅተኛ ወንበር ላይ አስቀምጣኝ፣ "ምን ሆንሽብኝ? ጸጉርሽንስ ማን በላው?" አለችኝ። ያን ጊዜ ነው ማልቀስ የጀመርኩት።

ሁሉንም ነገርኳት። "ሲስተር ለእማዬ ሁለቱም ይውጡ አለቻት። እማዬ አንዷን እንኳ ላስቀር ብላ ለመነቻት፣ እሷ ግን እምቢ አለች። ለአባዬም እንዳትነግሪው አለቻት።"

እቴቴ ደብተር መደርደሯን አቆመች። "ቀስ ብለሽ ንገሪኝ፣ የኔ ቆንጆ። ሁለቱም ነው ያለችው? ደህና አድርገሽ ሰምተሻል?"

"አዎ። ሥራቸውን ጨርሰዋል፣ ከእንግዲህ አይፈይዱልሽም አለቻት።"

"ሐኪም የሚባል ነገር አንስተዋል?"

"ሐኪሙም እንደ ሲስተር ነው የሚለው።"

"መቼ ነው ታዲያ?"

"ማክሰኞ። ሻንጣችን ተዘጋጅቷል።"

እቴቴ ጭንቅላቴን ዳበሰችኝ። "ጎበዝ ልጅ። ለአባትሽ እኔ እነግረዋለሁ። አይዞሽ፣ ማንም አይወጣም" አለችኝና ባለሁለት ቀለም እርሳስ ሰጠችኝ፤ በአንድ ጫፉ ቀይ፣ በሌላው ሰማያዊ። እየዘለልኩ ተመለስኩ።

እቴቴ ነገሩ የገባት ገና ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ነው። "አንቺ ልጅ፣ ስለናንተ አይደለም የሚያወሩት" ልትለኝ ትችል ነበር። ያን አንድ ቃል ብትናገር ኖሮ እፎይ ብዬ ቤቴ እገባ ነበር። አልተናገረችም፤ ፍርሃቴ ጠቀማት። ብዙ ነገር ይቅር ብያለሁ፤ ይህን ግን እስከ ዛሬ አላልኩም።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ እናቴ ከሥራ ቀደም ብላ መጣች። ቀጭን ሾርባ ብቻ ጠጣች። ሲስተር ከሆስፒታል የተሰጠ፣ መድኃኒት መድኃኒት የሚሸት ቡናማ ሳሙና ይዛ ገላዋን አጠበቻት። ከዚያ እናቴ ቀለበቷን ልታወልቅ ታገለች፤ ጣቷ አብጦ እምቢ አለ። በሳሙና እያሟለጨች አወጣችውና ቁልፍ በምታስቀምጥበት ጣሳ ውስጥ ከአሮጌ ቁልፎች ጋር ጣለችው። ኦፕራሲዮን ክፍል ብረት ይዞ እንደማይገባ ማን ነግሮኝ? እኔ የገባኝ ከአባቴም ልትለይ መሆኑ ነው።

ጠረጴዛው ላይ አንድ ወረቀት ነበር። ሆስፒታሉ የባል ፊርማ ፈልጎ የሰጣት ነው። አባቴ በማግስቱ ጠዋት ሲመጣ "ለትንሽ ኦፕራሲዮን ነው" ብላ ልታስፈርመው ነበር ሐሳቧ። አስቀድማም፣ በመነጽር ቤቱ ስልክ ሲደውልላት፣ ትንሽ ነገር ያወጡልኛል ብላ ዋሽታዋለች። ይህን የምናገረው እናቴን ላሳጣት አይደለም፤ የሆነው እንደዚህ ስለሆነ ነው።

አባቴ በማግስቱ ሳይሆን በዚያው ሰኞ ከመምሸቱ በፊት መጣ። ቦቴው መንገዱን ዘግቶ ሲቆም መስኮታችን ተንቀጠቀጠ። ሞተሩን አላጠፋውም። እቴቴ ከፊት ወንበር በሌላው በር ወረደች። እኔ ሮጬ ልጠመጠምበት ስል በእጁ ወደ ጎን አድርጎኝ አለፈ። ድንቡሼን እጇን ይዤ ውስጠኛው ክፍል ገባሁና ወለሉ ላይ ተኛሁ።

"ይሄ ነው ትንሽ ነገር?" አለ አባቴ። ወረቀቱ ሲንኮሻኮሽ ተሰማኝ።

"ቁጭ በልና ልንገርህ" አለች እናቴ።

"ምን ትነግሪዋለሽ?" አለች እቴቴ። "ሁለት ሴት ሰጥተሽው በዚያው ልትዘጊበት አይደል?"

"እርስዎ አይግቡ እባክዎ። የማወራው ከባሌ ጋር ነው።"

"ባሌ ያልሽው ሰውዬ ከመንገድ ላይ በሰው አፍ ነው የሰማው" አለ አባቴ።

"እናቴ በዚህ ሞታለች" አለች እናቴ። "እህቴ በዚህ ሞታለች። የቀረሁት እኔ ነኝ። እዚህ ተቀምጬ ተራዬን ልጠብቅ?"

"አልታመምሽም። ያልታመመ ሰው ይቀደዳል?"

"ከታመምኩ በኋላማ ምን ዋጋ አለው?" አለች እናቴ። "ስትቀብረኝ ነው የምትፈርምልኝ?"

ከዚያ አባቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ስሚኝ። ሁለቱ ከወጡ እኔም እወጣለሁ" አለ።

ወለሉ ላይ እንደተኛሁ ሰውነቴን ደስታ ወረረው። አባቴ አልጣለንም። እኛ ከወጣን አብሮን ይወጣል። የድንቡሼን እጅ እየጨመቅሁ፣ "ሰማሽ? አባዬ ከኛ ጋር ነው" አልኳት።

"ውጣ እንግዲህ" አለች እናቴ። "በሩ ያውልህ።"

በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ሰው ጠልቼ አላውቅም። ሦስታችንንም ልታስወጣ ነው፣ ያውም ድምፅዋን እንኳ ከፍ ሳታደርግ። ሻንጣችንን እየጎተትኩ ወደ በሩ ሮጥኩ። ሳጥኑ ውስጥ የቀረ የድንቡሼ ጫማ ነበር፤ እሱን ፈልጌ ስመለስ አባቴ ወጥቷል። ቦቴው ጮኾ ተንቀሳቀሰ። ቦታ ሊያዘጋጅልን ሄዷል፣ ይመለሳል አልኩ።

ሲስተር ወረቀቱን ከወለሉ አነሳችና በመዳፏ ደለደለችው። "ባል ከሌለ እህት ትፈርማለች" አለች። "ነገ እኔ አነጋግራቸዋለሁ።" ከዚያ አየችኝ፤ ሻንጣውንም ጫማውንም አየች። ማን እንደተናገረ ያን ጊዜ ሳይገባት አልቀረም።

ማክሰኞ ጠዋት እናቴ ከመውጣቷ በፊት ልትስመን ጎንበስ አለች። ድንቡሼ አንገቷ ላይ ተንጠለጠለች። እኔ ፊቴን አዞርኩ። ከዚያ በር ወጥታ ላትመለስ ትችል እንደነበር አላውቅም ነበር።

ለስድስት ቀን ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ቆየን። በሰባተኛው ቀን እናቴ በታክሲ መጣች። ትራስ ሆዷ ላይ አጥብቃ ይዛ፣ የረጠበ ወለል ላይ እንደሚሄድ ሰው እግሯን ሳታነሳ እየጎተተች ገባች። ሲስተር በአንድ ክንዷ ይዛታለች። ከበሩ ገለል አላልኩም። ሲስተር በትከሻዋ ገፋ አድርጋኝ አለፈች።

አዲስ ሕግ ወጣ። እናቴ የሻይ ማንቆርቆሪያ እንኳ አታነሳም፤ አትጎነበስም፤ ደረጃ አትወጣም፤ ማንም እንዳይቀመጥባት። ስታስነጥስ ትራሱን ሆዷ ላይ ትጫነዋለች። ማንም ያላስጠነቀቀን ነገር ደግሞ መጣ። ዝም ብላ በተኛችበት ድንገት ፊቷ ይቀላል፣ አንገቷ በላብ ይርሳል፣ ብርድ ልብሱን ወርውራ "መስኮት ክፈቱልኝ" ትላለች። ከአፍታ በኋላ ደግሞ ትንቀጠቀጣለች። አንድ ጊዜ የውሃ ኩባያውን ግድግዳ ላይ ወረወረችው። እኔ ስብርባሪውን ልሰበስብ ስጠጋ፣ "አንቺ ውጪልኝ" አለችኝ። ድንቡሼን እንደዚያ አላለቻትም። እኔን አታየኝም ነበር። የምታዘኝ ነገር ሲኖር እንኳ ፊት ለፊቷ ቆሜ ለድንቡሼ ነው የምትናገረው፤ "ለእህትሽ ንገሪያት፣ በሩን ትዝጋ።"

እኔም የምጠብቀው አባቴን ነበር። ቀኑ አሥራ አንድ ሞላ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ሲስተር መድኃኒት ልትገዛ ስትወጣ፣ እናቴ ስታንቀላፋ፣ ሻንጣችንን ይዤ ድንቡሼን አስከትዬ ወደ እቴቴ ሱቅ ሄድኩ። አባቴ እዚያ መሆን አለበት ብዬ።

እቴቴ ደንበኛ እያስተናገደች ነበር። ሻንጣውን ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ። "ማን ላካችሁ?"

"ማንም። አባዬ ጋ ልንሄድ ነው።"

"አባታችሁ እዚህ የለም። ሂዱ፣ ወደ እናታችሁ ተመለሱ።"

"ማንም አይወጣም ብለሽኝ ነበር" አልኳት።

እቴቴ ለደንበኛዋ ፈገግ አለችና በክንዴ ይዛ ወደ ውጭ መራችኝ። "እኔ ሁለት ሴት ልጅ ላሳድግ ነው? የወለደቻችሁ ታሳድጋችሁ" አለች፤ ቀስ ብላ፣ ሰው እንዳይሰማ። ጉንጬን አልሳመችም። ከዚያ ተመልሳ ገባች።

ደረጃው ላይ ተቀመጥን። ሌላ የምንሄድበት ስለማላውቅ እንጂ ተስፋ አድርጌ አልነበረም። ፀሐዩ ዞረ። ድንቡሼ ቀሚሷ ላይ ሸናች፤ ቀጥላም አለቀሰች፤ በመጨረሻ ሻንጣው ላይ ተኛች። እቴቴ ሱቋን ቀደም ብላ ዘጋች። የብረቱን መዝጊያ ስታወርድ እግራችንን እንድናነሳ እንኳ አልነገረችንም። በጎን በር ወጥታ ሄደች።

እናቴ ከመንገዱ ጫፍ ብቅ ያለችው ከዚያ በኋላ ነው። የቤት ቀሚስ ለብሳ፣ በነጠላ ጫማ፣ አንድ እጇ ግድግዳ ላይ፣ ሌላው ሆዷ ላይ። ለመድረስ ብዙ ፈጀባት። እኔ ቆሜ አየኋት፤ አልሄድኩላትም። ደርሳ ድንቡሼን ብትቀሰቅሳት እምቢ አለች፤ ከእንቅልፏ ስትነቃ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው፣ እግሯን አታስነካም። እናቴ ተጎንብሳ አቀፈቻት። ስታነሳት ድምፅ አወጣች፤ ጩኸት አይደለም፣ ጨርቅ ሲቀደድ የሚሰማ ዓይነት ነገር። ተሸክማት ወደ ቤት ሄደች። እኔ ሻንጣውን ይዤ ከኋላ። እቤት ስንደርስ ከወገቧ በታች ቀሚሷ ረጥቧል፤ መጀመሪያ ድንቡሼ የሸናችበት መሰለኝ።

ስፌቱ ተፈትቶ ነበር። ቁስሉ አመርቅዞ ዘጠኝ ቀን እንደገና ሆስፒታል ተኛች። ከዘጠኙ ሦስቱን ራሷን አታውቅም ነበር።

ያን ዕለት ሲስተር እናቴን አስተኝታ ስትመለስ እጇ ላይ የደረቀ ደም ነበር። ኩሽና ውስጥ አገኘችኝና በሩን ዘጋችው። እንደገና የምትመታኝ መስሎኝ ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ።

"ምን ፈልገሽ ሄድሽ?"

"ልታስወጡን አይደል? አንቺ ነሽ ሁለቱም ይውጡ ያልሽው። ሰምቻለሁ።"

ሲስተር ወንበር ሳበችና ተቀመጠች፤ ከመጣች ጀምሮ ኩሽና ውስጥ ስትቀመጥ አይቻት አላውቅም። ሸሚዟን ከጉርድ ቀሚሷ ውስጥ መዝዛ አወጣች፣ እጄን ያዘችና ሆዷ ላይ አሳረፈችው። ከጣቴ ስር ወፍራም ገመድ የሚመስል ጠባሳ ነበር፤ ጫፍና ጫፉ የተጨማደደ።

"ልጆችሽን የት ጣልሻቸው ብለሽኝ ነበር" አለች። "እዚህ ነው። ልጅ የሚሆነው ነገር የሚቀመጠው እዚህ ነው። ሁለት ናቸው፣ እንደ ለውዝ ፍሬ። የኛ ቤተሰብ ሴቶችን የሚገድሉት እነሱ ናቸው። የእናትሽንም እነሱን ነው ያወጡላት። አንቺና እህትሽን አይደለም። ገባሽ?"

"ገባኝ" አልኩ።

"በአፍሽ ምን እንዳደረግሽስ ገባሽ?"

እጄን ለቀቀችው። "ሂጂ እግርሽን ታጠቢ" አለች። አላቀፈችኝም፣ አይዞሽም አላለችኝም። ከዚያ ወዲያ ጥርሷን ነክሳብኝ ነው የኖረችው፤ እኔም ለማስለቀቅ ብዙ አልደከምኩም።

አባቴ አንድ ጊዜ መጣ፤ እናቴ ለሁለተኛ ጊዜ ሆስፒታል በተኛችበት ሳምንት። ልብሱን በከረጢት ሞልቶ ወጣ። ሻንጣችንን አሳየሁት። "ደህና ሁኑ፣ ጎበዝ ሁኑ" አለን። ከዚያ ሌላ ቤት ሠራ። ስንት እንደወለደ፣ ምን እንደወለደ ጠይቄ አላውቅም።

የወጡት ኦቫሪዎች የምርመራ ውጤት የመጣው ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው። ከግራው ኦቫሪ ውስጥ ክፉው ነገር ጀምሮ ነበር፤ የአሸዋ ፍሬ ያህል። ሐኪሙ "ዓመት ብትቆይ ኖሮ እዚህ ተቀምጠን አናወራም ነበር" ብሏታል። እናቴ ወደ መነጽር ቤቱ ተመለሰች። ሌንሷን ሞረደች፣ አበላችን፣ አስተማረችን። ፊት መንሳቷ ግን ቀጠለ። ሁለት ዓመት ያህል ዓይኗ እኔ ላይ ሲደርስ ያልፋል፤ እጇ ድንቡሼን ሲያበጥር ይቆያል፣ እኔን ሲያበጥር ይቸኩላል።

አድጌ መጽሐፍ ማንበብ ስጀምር ለዚህም ማብራሪያ አገኘሁለት። ኦቫሪ በአንዴ ሲወጣ ሴትየዋ በአንድ ቀን እርጅና ውስጥ ትገባለች፤ ሙቀቱ፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ ቁጣው ከዚያ ነው። የጠላችኝ መስሎኝ የኖርኩት ነገር ሆርሞን ነው ብዬ ለራሴም ለድንቡሼም አስረዳሁ። ልጅ ሆኜ የገባኝ ሌላው ሁሉ ስህተት ከነበረ ይህም ስህተት ነው ማለት ነው። በዚህ ብዙ ዓመት ተጽናናሁ።

ባለፈው ዓመት፣ በአርባ ዓመቴ፣ ተራው የኔ ሆነ። የደም ምርመራው ከእናቴ የወረስኩትን አሳየ፤ የድንቡሼ ነጻ ነበር። ሁለቱንም አስወጣሁ። እናቴ ስድሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ልታስታምመኝ መጥታ እኔ ዘንድ ከረመች። ሲስተር በየጠዋቱ ለእናቴ ትደውላለች። "ትኩሳቷ ስንት ነው? ሽንቷስ?" ትላለች። ስልኩን ለእኔ ስጪያት ብላ አታውቅም።

በአሥረኛው ቀን ያ ሙቀት መጣብኝ። ብርድ ልብሱን ገፍፌ ጣልኩ፤ ልጄ ውሃ ይዛልኝ ብትመጣ ጮኽኩባት። እናቴ ልጅቷን ወደ ውጭ ልካ በርጥብ ጨርቅ አንገቴን ጠረገችልኝ። አፍሬ፣ ተንሰቅስቄ፣ "እማዬ፣ አሁን ነው የገባኝ" አልኳት።

"ምኑ?"

"ያኔ ፊት ትነሺኝ የነበረው። ሁለት ዓመት ሙሉ። ይሄ ሙቀት ነው ለካ። ሰው እንዲህ እየነደደ ልጅ ሊያቅፍ አይችልም።"

እናቴ ጨርቁን ሳህኑ ውስጥ ነክራ ጨመቀችው። "እኔን ሙቀቱ ሰባት ወር ነው የቆየብኝ" አለች።

"ታዲያ?"

"እቴቴ ሆስፒታል መጥታ ነበር። ከኦፕራሲዮኑ በሦስተኛው ቀን፣ ገና ግሉኮሱ ክንዴ ላይ እያለ። 'የሸጠችሽ የገዛ ልጅሽ ናት' አለችኝ።"

ጭራሽ የማታውቅ ይመስለኝ ነበር። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አላነሳችብኝም። "ዘጠኝ ዓመቴ ነበር" አልኳት። "የምለውን አላውቅም ነበር።"

"ይህን አጥቼው አይደለም። ሲስተርም ነግራኛለች። ግን ሰው ስላወቀ ወዲያው አይበርድለትም። ባየሁሽ ቁጥር የማየው እሱ በር ሲወጣ ነበር። ያ ሁሉ ቁስል፣ ያ ሁሉ ላብ፣ እና ደግሞ አንቺ ፊትሽን አዙረሽ የቆምሽው።" ጨርቁን ግንባሬ ላይ አኖረችው። "ጠልቼሽ ነበር። አልዋሽሽም።"

ከውጭ ልጄ ለድመቷ ስታወራ ይሰማል።

"መቼ ነው የተወሽው?" አልኳት።

አሰበች። ልታስደስተኝ ብላ ሳይሆን በእውነት አሰበች። "ቀኑን አላውቀውም። አንድ ጊዜ ከትምህርት ቤት መጥተሽ ራበኝ አልሽኝ። አቀረብኩልሽ። በልተሽ ከሄድሽ በኋላ ነው ልብ ያልኩት፤ ሳቀርብልሽ አልተናደድኩም ነበር።"

ሆድ ይብሰኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልባሰኝም። ይልቁንስ የሆነ ነገር ቀለለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ያቺን በሩ ስር የተጋደመች ልጅ ሳርማት ኖሬያለሁ፤ የሰማሽው ስህተት ነው፣ ያየሽው ስህተት ነው፣ የጠላሽው ሰው አዳኝሽ ነበር፣ የወደድሽው ሻጭሽ ነበር እያልኩ። እናቴ ትጠላኛለች ባለችው ግን ትክክል ነበረች። አንዷን በደንብ ሰምታለች።

"ዙሪ፣ ጀርባሽን ልጥረገው" አለች እናቴ። ሆዴን በእጄ ደግፌ ቀስ ብዬ ዞርኩላት።